ማርክ ትዌይንና የተንጋደደው ጠረጴዛ

ማርክ ትዌይንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በቶም ሶየርና በሃክልቤሪ ፊን ነው። እኔ ግን ሰውዬውን ይበልጥ የወደድኩት በቢሊያርዱ ነው።

ትክክለኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1835 ሚዙሪ ውስጥ ተወለደ፤ በ11 ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ፤ ኋላም በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከብ መሪ ሆነ። የብዕር ስሙ ራሱ የመርከበኞች ጥሪ ነው፤ ውሃው ሁለት ፋቶም፣ ማለትም 3.7 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዳለው የሚታወቅበት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ወንዙን ሲዘጋው ወደ ምዕራብ ተሰደደ።

እ.ኤ.አ. በ1864 መጨረሻ ካሊፎርኒያ፣ ጃካስ ጋልች የምትባል ወርቋ አልቆ የፈራረሰች መንደር ገባ። እዚያ ባለች አሮጌ መጠጥ ቤት አንድ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ነበር፤ ጠረጴዛ ከተባለ። ገጹ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጨርቁ ተጥፏል፣ ኳሶቹ ተሸራርፈዋል፣ ዘንጎቹ ጎብጠዋል። ቴክሳስ ቶም የሚሉት ሰው ታዲያ እዚያ ላይ በአንድ ተራ ሰባት ነጥብ አስቆጠረና መንደሩ በጩኸት ተናወጠ። ከ40 ዓመት በኋላ ትዌይን ኒውዮርክ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኖችን ቁጭ ብሎ አየ፤ የቶምን የሚበልጥ ጥበብ ግን አላየሁም ባይ ነበር። የጠረጴዛውን ዘንበል እያንዳንዷን አስልቶ መምታት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

ይህ ታሪክ እኔን የያዘኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቴ የቆመው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ወለሉም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። በውጭው ግድግዳ በኩል ያለው ወለል ከመሃሉ ይበልጥ ስለሚንቀሳቀስ የፑል ጠረጴዛዬ ወዲያ ያዘነብላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይና ፋሲካ አካባቢ፣ ውሃ ልክ ይዤ እንበረከካለሁ። በርዝመቱ፣ በወርዱ፣ ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን እለካና ዝቅ ካለው እግር ሥር ስስ ሽብልቅ አስገባለሁ። የመጨረሻዋ ዳኛ ግን ቀስ ተብላ የተለቀቀች ኳስ ናት። ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ሦስት ቁራጭ ነው፤ መጋጠሚያው በሰም ይደፈናል። ወለሉ ሲጣመም ሰሙ ይሰነጠቅና ኳሷ እዚያች ጋ ትነጥራለች፤ ያኔ ጨርቁን ማንሳት ግድ ነው። ባለቤቴ ሽጠው ትላለች። እኔ ደግሞ እላታለሁ፣ ግድግዳው ከመሰንጠቁ በፊት የሚነግረን ይሄ ጠረጴዛ ነው እኮ። የጣሪያውን ውሃ በቱቦ ከመሠረቱ አርቄ የወሰድኩት እሱ ሲያዘነብል አይቼ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሽብልቁ ቀንሷል።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1874 ሃርትፎርድ ባሠራው ቤት ቢሊያርዱን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰቀለው። ያንን ሁሉ ድንጋይ! ክፍሉ ጽሕፈት ቤቱም ነበር፤ የልብ ወለዶቹን ገጾች ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋቸዋል፤ ማታ ወዳጆቹ ሲመጡ ወረቀቱ ይነሳና ኳሱ ይቀርባል።

ያ ቤት ግን አልጸናለትም። ገንዘቡን ፔጅ የሚባል ሰው በፈለሰፈው የፊደል መልቀሚያ ማሽን ላይ አፈሰሰና ማሽኑ ከሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ቤቱን ዘግተው አውሮፓ ሄዱ፤ በ1894 የማተሚያ ድርጅቱ ተከተለ። ዕዳውን ለመክፈል ዓለምን እየዞረ ንግግር አደረገ፤ በ1898 ጨርሶ ከፈለ። በመሃሉ፣ በ1896፣ ልጁ ሱዚ እዚያው ሃርትፎርድ ቤት ውስጥ ሞተች፤ እሱ እንግሊዝ ነበር። ቤተሰቡ ዳግመኛ ሊኖርበት አልቻለም፤ በ1903 ተሸጠ። በዓመቱ ሚስቱ ኦሊቪያ ፍሎረንስ ላይ አረፈች።

እ.ኤ.አ. በ1906 የባለጸጋው ወዳጁ የሄንሪ ሮጀርስ ሚስት አዲስ ጠረጴዛ አበረከቱለት። 71 ሊሞላው ነው፤ ሆኖም የሕይወት ታሪኩን ከሚጽፍለት ከአልበርት ፔይን ጋር ሌሊቱ እስኪጋመስ ይጫወት ነበር። ኳሷ እንቢ ስትለው ደግሞ በጨዋታው መሃል ሕጉን ይለውጣል፤ ፔይንም ዝም ብሎ ይቀበላል። ማን ይከራከረዋል? በ1908 ሬዲንግ ወደሚገኘው የመጨረሻ ቤቱ ሲገባም የቢሊያርድ ክፍል አልጎደለበትም። በ1909 የገና ዋዜማ ልጁ ጂን እዚያ ቤት ሞተች። እሱም እዚያው ኤፕሪል 21 ቀን 1910 አረፈ።