ግዌንዶሊን ብሩክስ፦ ከወጣቶች የተማረች መምህር

ገጣሚ ግዌንዶሊን ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1917 በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ከተማ ብትወለድም፣ ያደገችውም የኖረችውም በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ በጥቁሮች ሰፈር ነበር። በ1950 «አኒ አለን» በተሰኘው መድበሏ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ሆነች።

በ1967 በፊስክ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደው የጥቁር ጸሐፍት ጉባኤ ያየችው የወጣቶች መነቃቃት ግን የሥራዋን አቅጣጫ ለወጠው። በዚያው ዓመት፣ በወንጀል ስሙ የገነነው የብላክስቶን ሬንጀርስ ቡድን አባላት ለሆኑ ወጣቶች የግጥም ሥልጠና ጀመረች። ኋላም የኮሌጅ ተማሪዎች ተጨመሩ፤ በኋላ ሃኪ ማድሁቡቲ የተባለው ዶን ሊ አንዱ ነው። ልታስተምር ያሰበችው የተለመደውን የግጥም ሥርዐት ቢሆንም፣ ወጣቶቹ ስለ ማንና ለማን እንደሚጻፍ አጥብቀው ጠየቁ። ግጥም ከአዳራሽ ወጥቶ በመናፈሻና በመጠጥ ቤት ተነበበ።

ጥያቄው እርሷንም ዋጋ አስከፈላት። ሥራዎቿን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያሳተመላትን ታላቁን የሃርፐር ድርጅት ትታ፣ ዱድሊ ራንዳል በዲትሮይት ወዳቋቋመው አነስተኛ የጥቁሮች ማተሚያ፣ ወደ ብሮድሳይድ ዞረች። «ራየት» በ1969፣ የሠልጣኞቿን ግጥሞች ያሰባሰበችበት «ጃምፕ ባድ» ደግሞ በ1971 በዚያ ታተሙ።

ከ1968 እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2000፣ የኢሊኖይ ግዛት ባለቅኔ ሆና ስታገለግል፣ ለተማሪ ገጣሚያን ከራሷ ገንዘብ ትሸልም ነበር። የብሩክስ አርአያነት ዕውቀትን በማካፈሏ ብቻ አይወሰንም፤ በተማሪዎቿ ጥያቄ ራሷን ለመለወጥ መፍቀዷንም ይጨምራል።