ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ እና የልጆች ንባብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን ዕረፍቱን የምታስበው፣ በስሙ በሚጠራውም ቅዳሴ የምትቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ በታናሽ እስያ ከደጋግ ክርስቲያኖች ተወለደ። አያቱ ቅድስት ማክሪና የቅዱስ ጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትን ትምህርት ገና በሕፃንነቱ አስጠናችው። በዚያ ቤት ሁለት ዓይነት ንባብ ነበረ። እናቱ ኤሚሊያ በአያቷ ስም የተጠራችውን ታላቅ እኅቱን ማክሪናን ከባለቅኔዎች ተረት ጠብቃ በመዝሙረ ዳዊትና በመጽሐፈ ጥበብ አሳደገቻት፤ የንግግር ጥበብ መምህር የነበረው አባቱ ግን ልጁን በግሪክ ሥነ ጽሑፍ ጀመረው።

ባስልዮስ በቂሣርያ፣ በቁስጥንጥንያና በአቴና ተምሮ በዕውቀቱ ተመክቶ ተመለሰ። ከዚህ ትዕቢት ያነቃችው በዳዊት ያደገችው እኅቱ ናት። ከዚያም ተጠመቀ፤ የግብፅን፣ የፍልስጥኤምንና የሶርያን መነኮሳት ጎብኝቶ በጰንጦስ ገዳማዊ ሕይወትን ጀመረ።

በ362 ንጉሡ ዑልያኖስ ክርስቲያን መምህራን የግሪክን ጥንታዊ ድርሰት እንዳያስተምሩ ከለከለ። በሌላ በኩል እነዚህን መጻሕፍት ለክርስቲያን ልጅ የማይገቡ የጣዖት ተረቶች ናቸው ብለው የሚሸሹ ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክር መካከለኛውን መንገድ አሳየ። ንብ ከአበባ ሁሉ እንደማትቀስም፣ ከቀሰመችውም የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትወስድ፣ አንባቢም በጎ ምግባር የሚያስተምረውን ይዞ የአማልክትን ዝሙትና ጠብ የሚያወራውን ይተው ዘንድ መከረ። ሲመታ ያልተበቀለውን ሶቅራጥስን አብነት አድርጎ ጠቀሰ፤ ሙሴ በግብፅ፣ ዳንኤልም በባቢሎን ጥበብ መማራቸውንም አስታወሰ።

በገዳም ለሚያድጉ ሕፃናት ግን ሌላ ሥርዓት ሠራ። በተረት ፈንታ የቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ እንዲነገራቸው፣ የምሳሌ ቃላትን እንዲያጠኑ፣ ስሞችንና ታሪኮችን በቃላቸው ሲይዙ ሽልማት እንዲያገኙ አዘዘ፤ ትምህርቱ ሳይከብዳቸው በደስታ እንዲቀበሉት ነው። ተግሣጹም ለጥፋቱ መድኃኒት እንዲሆን ፈለገ፦ በጓደኛው ላይ የተቆጣ ያንኑ ጓደኛውን ያገለግላል፤ ያለ ጊዜው የበላ ከምግብ ይከለከላል።

በ370 የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ለድኆችና ለሕሙማን መጠለያ ሠራ፤ በ379 ዐረፈ።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ልጆቻችን በመጽሐፍም በስልክም ብዙ ተረት ይሰማሉ። ሁሉን መከልከል አንችልም፤ ሁሉን መፍቀድም አይገባንም። ቅዱሱ ያሳየን ቅደም ተከተል ግን ግልጥ ነው፦ በሕፃንነት የእግዚአብሔርን ቃል በልባቸው እንትከል፤ ሲያድጉም እንደ ንብ መምረጥን እናስተምራቸው። የመምረጫው ሚዛን አስቀድሞ ያልተሰጠው ልጅ በምን ይለያል?

የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።