ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ)፦ የልብን መንገድ ያስተዋሉ ዓሊም



የታሪክ ጸሐፊዎች ከካይሮ አንድ ወሬ አስተላልፈውልናል። አንድ ታዋቂ ሐኪም ወደ ሐማም፣ ማለትም ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ትጥበቱን ገና ሳይጨርሱ በድንገት ተነሥተው ልብስ ወደሚወልቅበት ክፍል ወጡና ቀለም፣ ብዕርና ወረቀት እንዲመጣላቸው አዘዙ። እዚያው ተቀምጠው ስለ ደም ሥር ትርታ አንድ ድርሳን ጽፈው ጨረሱ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ገብተው መታጠባቸውን ቀጠሉ።

እኚህ ሰው ኢብኑ ነፊስ ናቸው። ስለ ኢብኑ ሲና ያልሰማ ተማሪ በካምፓሳችን ጥቂት ነው። የኢብኑ ሲናን መጽሐፍ አብራርተው፣ የተሳሳተበትንም ቦታ በአደብ ያረሙትን ኢብኑ ነፊስን ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። ሆኖም እርሳቸው የተናገሩለት የደም መንገድ ዛሬ በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ወጣቶችን ጭምር ሽባ ከሚያደርግ አንድ የልብ ሕመም ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሕይወታቸውን በዚህ እትም የምናነሣውም ለዚህ ነው።

የደማስቆው ተማሪ

ሙሉ ስማቸው ዐላኡዲን ዐሊ ኢብኑ አቢ አል-ሐዝም አል-ቀርሺ ነው። የተወለዱት በሻም ምድር ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1210 እስከ 1213 ባለው ጊዜ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው የሰላም ጊዜ አልነበረም። መስቀል ጦረኞች የባሕሩን ዳርቻ ይዘው ነበር፤ ሞንጎሎችም ከምሥራቅ እየገፉ መጥተው በ1258 ባግዳድን አወደሙ።

በዚያ ሁሉ መካከል ደማስቆ የዒልም ከተማ ሆና ቆይታለች። ሱልጣን ኑረዲን ዘንጊ በ1154 ያሠሩት የኑሪ ሆስፒታል ሕሙማን የሚታከሙበት ብቻ ሳይሆን ሕክምና የሚማሩበትም ቦታ ነበር። የሕክምና ተማሪዎቻችን ዛሬ ራውንድ እንደሚሉት ሁሉ፣ የዚያ ዘመን ተማሪዎችም መምህራቸውን ተከትለው ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞሩ ነበር። ኢብኑ ነፊስ በዚያች ከተማ ከታላቁ ሐኪም ከሙሀዘቡዲን አድ-ደኽዋር ሕክምናን ተማሩ። ከሕክምናው ጎን ለጎንም ዐረብኛ ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ ሐዲስና ፊቅህ ቀሩ።

ፈቂህም ሐኪምም

ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ግብፅ ተሻግረው ካይሮ ላይ ኑሯቸውን መሠረቱ። በሆስፒታል ያክማሉ፤ በመስሩሪያ መድረሳ ደግሞ የሻፊዒይ መዝሀብን ፊቅህ ያስተምራሉ። ዲኑ ከሳይንሱ አላገዳቸውም፤ ሳይንሱም ከዲኑ አላራቃቸውም። ስለ ሐዲስ ዒልም ጽፈዋል፤ አንድ ሰው በደሴት ላይ ብቻውን እያስተነተነ ወደ ፈጣሪው እንዴት እንደሚደርስ የሚተርክ ድርሰትም አላቸው። በሕክምና ደግሞ ሦስት መቶ ጥራዝ የሚሆን አንድ ግዙፍ መጽሐፍ አቅደው ሰማንያውን ያህል አጠናቀዋል።

ሲጽፉ ያዩዋቸው ሰዎች እንደሚናገሩት፣ የተቀረጹ ብዕሮች ይደረደሩላቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መጽሐፍ ሳይገልጡ ከአእምሯቸው ብቻ ይጽፉ ነበር። አንዱ ብዕር ሲደንዝ ጥለው ሌላውን ያነሣሉ፤ ለመቅረጽ እንኳ ጊዜ አያባክኑም።

በግድግዳው ላይ ቀዳዳ የለም

ስማቸውን ለዘላለም ያስጠራውን ሥራ የጻፉት ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በእጅ የተገለበጠ አንድ ቅጂ የ1242 ዓመተ ምሕረትን ይዞ እስከ ዛሬ ይገኛል። ሥራው ኢብኑ ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ሰውነት አካላት የጻፉትን የሚያብራራ ነው።

በዚያ ዘመን ሁሉም የተቀበለው ትምህርት ከግሪኩ ሐኪም ከጋሌን የመጣ ነበር። ጋሌን ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው ሁለቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተምሯል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይህን የተጠራጠረ አልነበረም። ኢብኑ ሲናም ተቀብለውት አልፈዋል።

ኢብኑ ነፊስ ግን አልተቀበሉትም። ግድግዳው ወፍራምና ድፍን ነው፤ የሚታይም ሆነ የማይታይ ቀዳዳ የለበትም አሉ። እንግዲያው ደሙ ሌላ መንገድ ሊኖረው ግድ ነው። ከቀኙ የልብ ክፍል ተነሥቶ በደም ቅዳ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በሳንባ ውስጥ ተበትኖ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በደም መልስ በኩል ወደ ልብ ግራ ክፍል ይመለሳል። በሳንባ ውስጥም ሁለቱን ሥሮች የሚያገናኙ ቀጫጭን መተላለፊያዎች መኖር አለባቸው ብለው ደመደሙ። እነዚያን መተላለፊያዎች ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ልብ ራሱ ምግቡን የሚያገኘው በገዛ ሥጋው ውስጥ ከተዘረጉ ሥሮች እንደሆነም ጽፈዋል።

ማጋነን አያስፈልገንም። የደምን ሙሉ ዙረት ያሳየው እንግሊዛዊው ሃርቪ ነው፤ በ1628። ኢብኑ ነፊስ ያሳዩት በልብና በሳንባ መካከል ያለውን ትንሹን ዙረት ነው። ይህም ብቻውን ታላቅ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ አካሄዳቸው ነው። ኢብኑ ሲናን አላዋረዱም፤ መጽሐፉን ለተማሪ አቅልለው ያቀረቡትም ራሳቸው ናቸው። ነገር ግን የተናጋሪው ስም ትልቅ ስለሆነ ብቻ ስሕተቱን እውነት ነው አላሉም።

ያ መንገድ ሲታወክ

ኢብኑ ነፊስ ያመለከቱት መንገድ የሚያበቃው ደም ከሳንባ ተመልሶ በሚገባበት በግራው የላይኛ የልብ ክፍል ነው። በጤነኛ ልብ ውስጥ የላይኞቹ ክፍሎች ከአንድ ቦታ በሚነሣ ትእዛዝ በሥርዓት ይኮማተራሉ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው ሕመም ግን በደቂቃ ከሦስት መቶ በላይ የተመሰቃቀሉ ትእዛዞች ይነሣሉ። ክፍሉ መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ የደም ሥር ትርታም አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግየት፣ አንዴ ጠንከር አንዴ ላላ እያለ ሥርዓቱን ያጣል። በላይኛው ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል።

በ1998 በፈረንሳይ ቦርዶ ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቻቸው አንድ አስፈላጊ ነገር አሳዩ። ሕመሙን የሚቀሰቅሱት ትእዛዞች በአብዛኛው የሚነሡት ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመለሱት ደም መልሶች ነው። ዛሬ አቅሙ ባለበት አገር ሐኪሞች በእግር ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው የእነዚያን ሥሮች አፍ ከልብ ክፍሉ በኤሌክትሪክ ይነጥላሉ። ኢብኑ ነፊስ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በብዕራቸው የተከተሉት መንገድ ማለት ይህ ነው።

በበለጸጉ አገሮች ይህ ሕመም በብዛት የሽማግሌዎች ነው። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ወጣቶችን ይይዛል፤ ምክንያቱም መነሻው የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። የሰውነት መከላከያ የልብን በሮች ያጠቃል። ከላይኛው ወደ ታችኛው የግራ ክፍል የሚያስገባው በር እየጠበበ ሲሄድ ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ ቆይቶም ትርታው ይታወካል። ከጃን አሞራ ወይም ከዳባት ገጠር የምትመጣ አንዲት ወጣት እናት ትንፋሽ ሲያጥራት ዳገቱ ነው ይባላል፤ ድካሙ ነው ይባላል። ልቧ መሆኑ የሚታወቀው ግማሽ ጎኗ ከተያዘ በኋላ ሊሆን ይችላል።

አደጋውን ለመለካት አሜሪካ ውስጥ በፍራሚንግሃም ከተማ የተደረገው የረጅም ጊዜ ጥናት በ1978 ያወጣውን ውጤት እናንሣ። የልብ በር ሕመም ሳይኖርባቸው ትርታቸው የታወከ ሰዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከ5 እጥፍ በላይ ነበር። የሩማቲክ ሕመም ሲጨመርበት ግን ከ17 እጥፍ በላይ ሆነ።

መድኃኒት አለው። ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ በትክክል ከተወሰደ የስትሮክን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ችግሩ መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ መስተካከል ስላለበት ነው። ካነሰ አይከላከልም፤ ከበዛ ያደማል። ስለዚህ ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች ሲመጡ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። በ2022 የታተመ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማንን የያዘ ጥናት አንዱን አዲስ መድኃኒት፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከነባሩ ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ፤ በነባሩ የተያዙት ሕሙማን ሞት አነሰ። ተመራማሪዎቹም የጠበቁትን ሳይሆን ያገኙትን ጻፉ። ኢብኑ ነፊስ በጋሌን ፊት የቆሙት በዚሁ ሚዛን ነበር።

ቤታቸውን ለሕሙማን

ወደ ካይሮ እንመለስ። ሱልጣን ቀላውን ሱልጣን ከመሆናቸው በፊት ደማስቆ ላይ ታመው በኑሪ ሆስፒታል መድኃኒት ድነው ነበርና፣ ሥልጣን ከያዝኩ እንዲህ ያለ ሆስፒታል አሠራለሁ ብለው ተስለው ነበር ይባላል። በ1284 የመንሱሪን ሆስፒታል ካይሮ ላይ አሠሩ። ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድኻ ሳይባል ያለ ክፍያ ይታከምበት ነበር፤ ወጪውንም የሚሸፍነው ወቅፍ ነበር።

ኢብኑ ነፊስ በዚያን ጊዜ በግብፅ የሐኪሞች አለቃ ነበሩ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልነበራቸውም። ሀብታቸውን፣ ካይሮ ውስጥ ያሠሩትን ቤትና መጻሕፍታቸውን ሁሉ ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አደረጉ።

በመጨረሻው ሕመማቸው አንዳንድ ሐኪሞች ጥቂት የወይን ጠጅ ለመድኃኒት እንዲወስዱ መከሯቸው። እርሳቸው ግን ከዚያ ነገር በሆዳቸው ይዘው አላህ ፊት መቅረብ እንደማይፈልጉ ተናግረው እንቢ አሉ። ከዚህ መድኃኒትን እንቢ ማለትን አንማርም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሰው መድኃኒት የሰጡ ሰው ናቸው። የምንማረው ዒልማቸው ተቅዋቸውን እንዳላደከመው ነው። ታኅሣሥ 1288፣ በሒጅራ 687፣ ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ከመርሳት በኋላ

ግኝታቸው በምዕራቡ ዓለም ለዘመናት ተረስቶ ኖረ፤ የሳንባው የደም ዙረት በአውሮፓ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለሰርቬተስና ለኮሎምቦ ተሰጥቶ ነበር። በ1924 ግን ሙሕየዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ተማሪ በጀርመን ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲመረምር በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የኢብኑ ነፊስን ጽሑፍ አገኘና ለዓለም አሳወቀ። ልብ በሉ፤ የተቀበረውን ሐቅ ያወጣው ገና በትምህርት ላይ ያለ እንደ እኛው ያለ ተማሪ ነው።

እኛስ?

ከተማችን ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈትባት ዓላማው በገጠር ላለው ሕዝብ መድረስ ነበር። የሕክምና ተማሪ የሆንን በዚህ መንገድ እንድንቀጥል አደራ አለብን። ያልሆንንም የምናደርገው አለ። ለዒድ ወደ ቤት ስንሄድ የእናታችንን ወይም የአባታችንን እጅ እንያዝ፤ ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርገን ሙሉ አንድ ደቂቃ እንቁጠር። ትርታው ሥርዓት ካጣ እኛ በሽታ አንሰይምም፤ ግን ኢሲጂ ወደሚነሣበት ጤና ተቋም እንውሰዳቸው። የታናናሾቻችንን የጉሮሮ ሕመም አንናቅ። የሩማቲክ ሕመም ያለበት ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚታዘዝለትን የፔኒሲሊን መርፌ እንዳያቋርጥ እናሳስብ። ዋርፋሪን የሚወስድ ቤተሰብ ካለን ረመዳን ሲገባ በራሱ እንዳያቆም እንምከር፤ ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ስለመውሰድ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ኢብኑ ነፊስ ከሐማም ተነሥተው ስለ ትርታ ሲጽፉ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ጎንደር ላይ እንደምናነባቸው አላወቁም። ጠቃሚ ዒልም ግን ባለቤቱ ካለፈም በኋላ አጅሩ የሚቀጥል ሰደቃ ጃሪያ ነው። አላህ ዒልማችንን የሚጠቅም ያድርግልን፤ ሕሙማኖቻችንንም ያሽርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።