የዲቦው መነኩሴ

ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር የቅኔና የብራና አገር ነው። ሮብ ገበያ የዋለ ሰው ስለ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ስለ ደብረ ወርቅና ስለ መርጡለ ማርያም ሊቃውንት ቢጠየቅ ስም አይቸግረውም። ከዚሁ አፈር የወጡት አባ ገብረ ሚካኤል ግን ከሚጠሩት መካከል መሆናቸውን እጠራጠራለሁ። የእሳቸው ስም የሚጠራው ከጎጃም ርቆ፣ በካቶሊክ ቁምስናዎች ውስጥ ነው።

የተወለዱት በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ፣ ዲቦ፣ በ1783 ዓ.ም. ገደማ ነው። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ከእርሻ ይልቅ ወደ ትምህርት መላካቸውም ከዚሁ የመጣ ይመስላል። በቀረው አንድ ዓይን ተምረው እዚያው መርጡለ ማርያም መነኮሱ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ መሳፍንቱ በጦር፣ ሊቃውንቱ በሃይማኖት ይከራከራሉ። ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባለ ቤተ ክህነቱ ተከፋፍሏል። ጎጃም የቅባት አገር ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ግን የአገሬ ወግ ነው ብለው የሚያርፉ ሰው አልነበሩም። ገዳም ለገዳም ዞሩ፣ መጻሕፍት አገላበጡ፣ ጎንደር ወርደው ተማሩም አስተማሩም። ጥያቄያቸው ግን አልበረደም።

በ1833 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤልም ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲመኙ ስለነበር አብረው ወጡ። የሚገርመው፣ ለኦርቶዶክስ ጳጳስ ፍለጋ ከሄደው ጓድ ጋር ጣሊያናዊው የካቶሊክ ቄስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ አብረው ነበሩ፤ በኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት። ካይሮ ላይ ወጣቱ መነኩሴ እንድርያስ አቡነ ሰላማ ተብለው ተሾሙ። አባ ገብረ ሚካኤል ከደ ያቆቢስ ጋር ወደ ሮም አልፈው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ የተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው ኋላ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው የተገናኙት።

አባ ገብረ ሚካኤል ወዲያው አልተለወጡም። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላም ሲያመዛዝኑ ቆይተው በ1836 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ስም ያለው መምህር ነበሩ፤ ክብራቸውን እንደያዙ ዝም ቢሉ ማንም ባልነካቸው። እሳቸው ግን አዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ ደ ያቆቢስ በከፈቱት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ። በ1843 ዓ.ም. ደግሞ ኢሮብ ውስጥ በምትገኘው ትንሿ አሊቴና፣ ወደ ስድሳ ሲጠጉ ቅስና ተቀበሉ። ሌላው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ መሆኑ ነው።

አቡነ ሰላማና ደጃዝማች ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሲተባበሩ ነገሩ ከረረ። ቴዎድሮስ አገሩን በአንድ ዙፋን ሥር ሲሰበስቡ ሃይማኖቱም አንድ እንዲሆን ፈለጉ። ያንን ሐሳብ ከዘመኑ ችግር ነጥሎ መፍረድ ይከብዳል፤ ግን ዋጋውን የከፈሉት እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። በ1846 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ደ ያቆቢስም አባ ገብረ ሚካኤልም ተያዙ። ደ ያቆቢስ የውጭ ሰው ናቸውና ከወራት እስር በኋላ ከአገር ተባረሩ። የዲቦው መነኩሴ የሚባረሩበት ሌላ አገር አልነበራቸውም። እግራቸው በግንድ ተቀረቀረ፣ ተገረፉ፤ ሃይማኖትህን ተው ሲባሉ እንቢ አሉ።

ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላም በሰንሰለት ከሠራዊቱ ኋላ ይጎተቱ ነበር። በግንቦት 1847 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በቦታው ነበርና እሱና ሌሎች ሲለምኑ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ። ዕድሜ ልኩ ግን ከሦስት ወር አላለፈም። የተዳከመው ሰውነታቸው ጉዞውንም በሽታውንም አልቻለም፤ ጨረቻ ገባባ በተባለ ስፍራ በመንገድ ላይ አረፉ።

አቡነ ሰላማም አልቀናቸውም፤ ከቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እስረኛ ሆነው ሞቱ። ደ ያቆቢስ ከዚያ በፊት በ1852 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሳሉ አርፈው ነበር።

ሮም በመስከረም 1919 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው፤ በካቶሊክ ሥርዓት ከቅድስና በፊት ያለው ማዕረግ ነው። ቅስና የተቀበሉባት አሊቴና እስከ ዛሬ የካቶሊክ ደብር ናት።