ከጸሎት ያስነሱት ሰው፦ የአብሳሎም ጆንስ ሕይወት

ባለፈው ሴሚስተር በአሜሪካ ታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። መምህራችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት አጀማመር ሲያስረዱን፣ ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ ቦታህ አይደለም ተብሎ ስለተጎተተ አንድ ሰው አነሱ። ቀጥለውም ያ ሰው የሚኖርበት ከተማ በወረርሽኝ ሲመታ የነጮቹን በሽተኞች ሲያስታምምና ሬሳቸውን ሲቀብር እንደከረመ ነገሩን። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ይሄ ሞኝነት እንጂ ይቅርታ አይደለም አለ። ግማሹ ደግሞ ከልቡ ይቅር ካለ ለምን ወደ ድሮው ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም ብሎ ጠየቀ። እኔ ያን ቀን ከሁለቱም ወገን ሳልሆን ዝም ብዬ ወጣሁ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም፤ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። ይህች ጽሑፍ የዚያ ንባብ ፍሬ ናት። ሰውየው አብሳሎም ጆንስ ይባላል፤ ስሙ እኛ አቤሴሎም የምንለው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

አብሳሎም በ1746 በደላዌር፣ ሰሴክስ በተባለ አውራጃ በባርነት ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከእርሻው ተወስዶ በጌታው ቤት ውስጥ እንዲያገለግል ተደረገ። ሰዎች የሚሰጡትን ሳንቲም እያጠራቀመ የፊደል መማሪያ ገዛ፤ ቀጥሎም ሐዲስ ኪዳን ገዛ። የሚያስተምረው ሰው ባገኘ ቁጥር እየለመነ ማንበብ ቻለ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ በ1762 መሆኑ ነው፣ ቤተሰቡ ተበተነ። እናቱ፣ አምስት ወንድሞቹና አንዲት እህቱ ተሸጡ፤ እርሱ ብቻውን ከጌታው ከቤንጃሚን ዊንኩፕ ጋር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። እንግዲህ ስለዚህ ሰው ይቅርታ ስናወራ መጀመሪያ ይህን መርሳት የለብንም። በደሉ ከቤተ ክርስቲያን አልጀመረም፤ ከእናቱ ጉያ ነው የጀመረው።

በፊላደልፊያ የጌታው ሱቅ ውስጥ ዕቃ እያሸገ፣ ለደንበኛም ተሸክሞ እያደረሰ ይሠራ ነበር። እዚያው ሱቅ ያለ ጸሐፊ መጻፍ አስተማረው፤ በኋላም አስፈቅዶ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ለጥቁሮች በከፈቱት የማታ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1770 ሜሪ የምትባል፣ እርሷም በባርነት የምትኖር ሴት አገባ። ታዲያ ገንዘብ ማጠራቀም ሲጀምር መጀመሪያ የገዛው የራሱን ነጻነት ሳይሆን የሚስቱን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዘመኑ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ስለሚከተል፣ እናቲቱ ነጻ ከሆነች የሚወለዱት ልጆች ነጻ ይሆናሉ። ተበድሮ፣ ከኩዌከሮች ዘንድ ለምኖ፣ ቀን ለጌታው ሌሊት ለራሱ እየሠራ ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። ከዚያ ስለ ራሱ መጠየቅ ጀመረ። ዊንኩፕ ለዓመታት እምቢ ካለ በኋላ በጥቅምት 1784 የነጻነት ወረቀቱን ሰጠው። የሚገርመው ግን አብሳሎም ነጻ ከወጣም በኋላ ለዚያው ሰው፣ አሁን በደመወዝ፣ መሥራቱን ቀጠለ። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ደስ አላለኝም። እናቱን ከሸጠ ሰው ጋር እንዴት ይውላል? እያደር ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሰውየው ያው ነው፣ ሱቁም ያው ነው፤ ውሉ ግን ሌላ ነው። ከዚህ በኋላ ሠርቶ ማታ ሲወጣ የራሱን ደመወዝ ይዞ ወደ ራሱ ቤት ነው የሚገባው።

ጆንስ በዚያ ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስ በተባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ይሳተፍ ነበር። እዚያም ከሪቻርድ አለን ጋር ተዋወቀ። አለንም ከባርነት ነጻ የወጣ ወጣት ሰባኪ ነው። ሁለቱ በሚያዝያ 1787 ነጻ አፍሪካዊ ማኅበር የሚባል መረዳጃ አቋቋሙ። የማኅበሩን ደንብ ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛው ሰፈር እድር ነው። አባል የሆነ ሁሉ በወር አንድ የብር ሽልንግ ያዋጣል። ዓመት ከሞላ በኋላ የተቸገረ አባል በሳምንት ሦስት ሽልንግ ከዘጠኝ ፔንስ ይሰጠዋል። ባሏ የሞተባት ትረዳለች፤ አባት የሌላቸው ልጆች እንዲማሩ ይደረጋል። ሰካራምና ረባሽ ግን አይገባም። ጥቁር ሰው የኔ የሚለው ተቋም ባልነበረበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በቅዱስ ጊዮርጊስ የጥቁር ምእመናን ቁጥር ሲጨምር ነጮቹ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ጥግ ገፏቸው። ቀጥሎ ሰገነት ተሠራና ወደዚያ ውጡ ተባሉ። አንድ እሑድ ጆንስና ጓደኞቹ የተፈቀደልን ነው ባሉት ቦታ ተንበርክከው ጸሎት ላይ ሳሉ ከኃላፊዎቹ አንዱ መጥቶ ጆንስን ጎትቶ ሊያስነሳው ጀመር። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ ብቻ እንዲታገሠው ለመነ፤ ሰውየው አልሰማውም፤ ረዳት ጠርቶ መጎተቱን ቀጠለ። ጸሎቱ ሲያበቃ ጥቁሮቹ ሁሉ በአንድነት ተነስተው ወጡ፤ ወጥተውም ቀሩ። አለን በማስታወሻው ይህን በ1787 ያደርገዋል፤ የሰገነቱን ሥራ ሒሳብ የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን 1792 ነው ይላሉ። ዓመቱ የትኛውም ይሁን፣ እዚያ አዳራሽ ሠርተው ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ነበሩ የተባረሩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እነርሱም አልረሱም።

ያልረሱትን ይዘው ግን ግንባታ ጀመሩ። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በነሐሴ 1793 ሲወጣ ከከተማው ወጣ ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር ግብዣ ተደረገ። መጀመሪያ ወደ መቶ የሚጠጉ ነጮች፣ አብዛኞቹ አናጢዎች፣ ማዕድ ቀረቡ፤ ጥቁሮቹ አስተናገዱ። እነዚያ በልተው ሲነሱ ጥቁሮቹ በዚያው ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ከነጮቹ መካከል የተከበሩት ሰዎች ደግሞ በተራቸው ቆመው አስተናገዷቸው። ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ እዚያ ነበርና ነገሩን ለሚስቱ ጽፎላታል። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደዚያ ጠረጴዛ የምወደው ነገር የለም። አንድ ማዕድ ላይ አብሮ መቀመጥ ገና አልተቻለም፤ ግን ቢያንስ መስተናገዱ ተራ ሆነ።

ከዚያ ግብዣ ጋር አብሮ ነው መዓቱ የመጣው። በዚያው ወር ቢጫ ወባ ከተማዋን አጠቃት። ፊላደልፊያ ያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ከተማ ስትሆን ወደ 50,000 ሕዝብ ነበራት። እስከ ኅዳር ድረስ 5,000 ያህል ሰው አለቀ። መሄጃ ያለው ሁሉ ሸሸ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም ከተማዋን ለቀቁ። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን ጥላ የሄደችበት ጊዜ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ማንም አላወቀም፤ ይህን ሐሳብ የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንሌይ ያቀረበው በ1881 ነው። ረሽ ደግሞ ጥቁሮች በዚህ በሽታ አይያዙም ብሎ ያምን ስለነበር እንዲረዱ በጋዜጣ ጠየቃቸው። ጆንስና አለን ማኅበራቸውን ሰብስበው ተማከሩ፤ ከዚያ ከንቲባው ዘንድ ቀርበው ምን እንሥራ አሉ። ከመቶ በመቶ ቤት እየዞሩ በሽተኛ አስታመሙ፣ አስታማሚ ቀጠሩ፣ ሬሳ አነሱ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ሰበሰቡ። በረሽ መመሪያም ከ800 በላይ ሰዎችን አገሙ፤ ዛሬ ማገም ለዚህ በሽታ እንደማይጠቅም እናውቃለን፤ በጊዜው ግን ሕክምናው ያ ነበር። የረሽ እምነትም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ጥቁሮቹም መታመም ጀመሩ፣ ከ200 በላይ ሞቱ። ይህን እያዩም ሥራቸውን አላቆሙም።

ምስጋናው ምን ነበር? ማቲው ኬሪ የተባለ አሳታሚ ስለ ወረርሽኙ በጻፈው መጽሐፍ ከጥቁር አስታማሚዎች አንዳንዶቹ በሽተኛውን እየበዘበዙ፣ ቤት እየሰረቁ ከበሩ ብሎ አወጣ። መጽሐፉም በብዛት ተሸጠ። ክፍላችን ውስጥ ሞኝነት ነው ያሉት ልጆች እዚህ ላይ ይስቁ ይሆናል። ጆንስ ግን ዝም አላለም። በ1794 ከአለን ጋር ሆኖ የመልስ መጽሐፍ አሳተመ። ስድብ የለበትም፤ ያለው ሒሳብ ነው። ሬሳ ለማንሳትና የበሽተኛ አልጋ ለማቃጠል ስንት ተቀበሉ፣ ለሬሳ ሳጥንና ለቀን ሠራተኛ ስንት አወጡ፣ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ሲደመር ሲቀነስ ከኪሳቸው ከ177 ፓውንድ በላይ ጎድሏል። የከንቲባውንም የምስክር ወረቀት አያይዘዋል። ኬሪ ራሱ በወረርሽኙ ጊዜ ከከተማው ወጥቶ እንደነበርም ሳያስታውሱት አላለፉም። ይቅር ማለት እውነቱን መተው እንዳልሆነ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የየትኛው እምነት ክፍል ይሁን የሚለው ለድምፅ ቀርቦ ነበር። አብዛኛው የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ማለትም በአሜሪካ ኤፒስኮፓል የሚባለውን መረጠ። ሜቶዲስት እንሁን ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አለንና ራሱ ጆንስ። አለን በአቋሙ ጸንቶ የራሱን መንገድ ሄደ። ጆንስ ግን ምርጫው ባይሆንም ከሕዝቡ ጋር ቀረ፤ ምራን ሲሉትም እሺ አለ። አጥቢያው ቅዱስ ቶማስ ተባለ፤ በሐምሌ 1794 ተመረቀ። ወደ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የገቡት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። በአንድነታቸው እንዲታወቁ፣ ጉዳያቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ፣ ጆንስም ብቁ ሆኖ ከተገኘ ክህነት እንዲሰጠው ጠይቀው ተፈቀደላቸው። ከአንድ በደል የተማሩትን በውል አሰሩት ማለት ነው።

ጳጳሱ ዊልያም ኋይት የግሪክና የላቲን ቋንቋ ዕውቀት እንዳይጠየቅ አድርገው በ1795 ዲቁና ሰጡት፤ በ1800ዎቹ መጀመሪያም ቅስና ተቀበለ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ቄስ እርሱ ነው። ነገር ግን የቋንቋው ነገር ሲነሳለት ሌላ ገደብ ተጣለ፦ ቅዱስ ቶማስ በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ላይ ተወካይ እንዳይልክ ተደረገ። ይህ ገደብ ጆንስ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቷል። ሰገነቱ እዚህም ነበረ ማለት ይቻላል፤ የማይታይ ሰገነት።

ጆንስ ያን ሳይጠብቅ ሥራውን ሠራ። የአጥቢያው አባላት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400 አለፉ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መረዳጃ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ቄሱም ቤት ለቤት እየዞረ ሕመምተኛ ይጠይቅ፣ ያስታርቅ ነበር። በ1799 መጨረሻ እርሱና ሌሎች የፊላደልፊያ ነጻ ጥቁሮች የባሪያ ንግድንና የሸሹ ባሪያዎችን ስለ መያዝ የወጣውን ሕግ በመቃወም ለኮንግረስ ማመልከቻ አስገቡ። ውጤቱ 85 ለ1 ነበር፤ ከጎናቸው የቆመ አንድ ሰው ብቻ። ጥር 1 ቀን 1808 ከባሕር ማዶ ባሪያ ማስገባት በሕግ ሲከለከል ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ የምስጋና ስብከት ሰበከ፤ ቀኑም በየዓመቱ እንዲከበር አሳሰበ። ከአለን ጋርም በሃይማኖት ክፍል ቢለያዩም በወዳጅነት አልተለያዩም። አለን በ1816 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆኖ ሲሾም ጆንስ እጃቸውን ከጫኑት አንዱ እንደነበር ይነገራል። የካቲት 13 ቀን 1818 አረፈ፤ ቀኑ ዛሬም በኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያው ነው።

ወደ ክፍላችን ክርክር ልመለስና ላብቃ። ይቅር ካለ ለምን አልተመለሰም ላሉት፦ ይቅርታ የበደሉንን ሰዎች ሞት አለመመኘት ነው፤ እንደገና ለመጎተት እዚያው ሄዶ መንበርከክ ግን ግዴታ አይደለም። ሞኝ ነው ላሉት ደግሞ፦ ሞኝ ሒሳብ አይጽፍም፣ ውል አያስርም፣ ማመልከቻ አያስገባም። ጆንስ በሽተኛውን ሲያነሳ ማን እንደጎተተው አልጠየቀም፤ የተደረገውን ግን ለታሪክ መዝግቦ አስቀመጠ። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ምኑን ብሎ ይጠይቅ ነበር?

የጠየቀም አልጠፋም። በጥቅምት 2008 የአሜሪካ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን በባርነት ለነበራት ድርሻ የንስሐ ሥርዓት አድርጋ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች። ቦታው የት ሆነ መሰላችሁ? ፊላደልፊያ፣ ቅዱስ ቶማስ። አጥቢያው ከተመረቀ 214 ዓመት ሆኖት ነበር። ተበዳዮቹ ወደ በዳዮቹ ደጅ አልሄዱም፤ በዳዮቹ ናቸው ጆንስ በመራው አጥቢያ መጥተው የተንበረከኩት። በዚያ ቀን ከጸሎቱ ማንም ማንንም አላስነሳም።