ሜልቪል ዴዊ፦ ከስሙ ፊደል የቀነሰው ሰው

ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ሁሉ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር ያውቃታል። 500 ላይ ሳይንስ፣ 900 ላይ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ 963 ላይ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ ይገኛል። ይህን አቆጣጠር ያወጣው አሜሪካዊ ሜልቪል ዴዊ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በዚሁ ሥራው ነው። እርሱ ግን በዕድሜው ሙሉ የታገለው ለሦስት ዓላማዎች ነበር፤ ለመጻሕፍት አመዳደብ፣ ለሜትር ሥርዓትና ለእንግሊዝኛ አጻጻፍ መሻሻል። በመጀመሪያው ተሳካለት። በሁለቱ ግን አገሩ አልሰማችውም።

ዴዊ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1851 በኒውዮርክ ግዛት አዳምስ ሴንተር በተባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ባለ ሱቅ ነበር። በዚያን ጊዜ (ዛሬም ቢሆን ብዙ አልተለወጠም) አሜሪካዊ ነጋዴ 12 ኢንች አንድ ጫማ፣ 3 ጫማ አንድ ያርድ፣ 5,280 ጫማ አንድ ማይል መሆኑን በቃሉ መያዝ ነበረበት። ክብደት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብስ ነበር። ላባ የሚመዘንበት ፓውንድ 16 አውንስ ሲሆን ወርቅ የሚመዘንበት ግን 12 አውንስ ነው። በዚህም የተነሣ አንድ ፓውንድ ላባ ከአንድ ፓውንድ ወርቅ ይከብዳል፤ አንድ አውንስ ወርቅ ደግሞ ከአንድ አውንስ ላባ ይበልጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1866 የሜትር ሥርዓትን ሕጋዊ ቢያደርግም ማንንም አላስገደደም።

ዴዊ 16 ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤቱ በእሳት ተያያዘ። መጻሕፍት ለማትረፍ ሲሯሯጥ ጭስ ዋጠና ጽኑ ሳል ያዘው። ሐኪሙም ብዙ እንደማይቆይ ነገረው። ትንቢቱ ባይደርስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊዜ ማባከን ለዴዊ እንደ ኃጢአት ሆነ። ኢንችን ወደ ጫማ፣ ጫማን ወደ ማይል ሲመነዝር የሚውል ተማሪና የማይነበቡ ፊደላትን ሲያጠና የሚከርም ሕፃን በእርሱ ዓይን ዕድሜያቸውን የተሰረቁ ነበሩ።

በአምኸርስት ኮሌጅ ሲማር በቤተ መጻሕፍቱ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። መጻሕፍቱ የሚቀመጡት በመደርደሪያ ቁጥር ስለሆነ፣ አዲስ መጽሐፍ በመጣና ቦታ በተለወጠ ቁጥር ሁሉም እንደገና መቆጠር ነበረበት። መፍትሔው ራሱ ዴዊ እንደተናገረው አንድ እሑድ ረዥም ስብከት ሲያዳምጥ መጣለት። ዕውቀትን በሙሉ በአሥር፣ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና በአሥር መክፈል፤ ቁጥሩንም ለመደርደሪያው ሳይሆን ለመጽሐፉ መስጠት። የሜትር ሥርዓት ሐሳብ ወደ መጻሕፍት ተሻገረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. 1876 ለዴዊ ልዩ ዓመት ነበረች። በ24 ዓመቱ የአመዳደብ ሥርዓቱን ስሙን ሳይጠቅስ በ44 ገጽ አሳተመ፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በቦስተን የሜትር ሥርዓትን የሚያስፋፋ ቢሮ ከፈተ፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እንዲታረም የሚታገል ማኅበርም ጸሐፊ ሆነ።

የኋለኛው ትግል ለፊደል ለእኛ ግር ሊል ይችላል። በፊደላችን ሀ፣ ሐ እና ኀ ያከራክሩ እንደሆነ እንጂ የተጻፈው ይነበባል። በእንግሊዝኛ ግን «ዞው» ለሚል አጭር ድምፅ ስድስት ፊደላት ይደረደራሉ፤ ከእነርሱም ሦስቱ መጨረሻ ላይ ያለ ሥራ ይቆማሉ። ዴዊ እርማቱን ከራሱ ስም ጀመረ። የመጠሪያ ስሙን የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ቆረጠ፤ ለጥቂት ጊዜም አምስት ፊደል የነበረውን የአባት ስም በሦስት ፊደል ጻፈ። በኋላ ግን የአባት ስሙን ወደ ነበረበት መለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1883 የኮሎምቢያ ኮሌጅ ዋና ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ኮሌጁ ሴት ተማሪ በማይቀበልበት ዘመን ከ20 ተማሪዎቹ 17ቱ ሴቶች ነበሩ። ይህም ከአስተዳደሩ ጋር አጋጨው፤ ወደ አልባኒ ሄዶ የኒውዮርክ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1895 በሌክ ፕላሲድ የመሠረተው የመዝናኛ ክበብ አይሁዳውያንንና ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ታዋቂ አይሁዳውያን አቤቱታ አቀረቡ፤ ዴዊ ተገሥጾ ከመንግሥት ሥራው ለቀቀ። በዚያው ዓመት ከማኅበሩ ጉዞ በኋላ ሴት ባልደረቦቹ ስለ አጉል ድፍረቱ ቅሬታ አሰሙ፤ በማኅበሩ የነበረው ተሰሚነትም አከተመ። ለሴቶች የሙያ በር የከፈተው ሰው፣ በዚያው በር የገቡትን አላከበረም። ሚዛናዊ ነው የተባለው አመዳደቡም ቢሆን ከ200 እስከ 299 ባለው የሃይማኖት ክፍል አብዛኛውን ቦታ ለክርስትና ሰጥቶ የቀሩትን የዓለም ሃይማኖቶች በ290ዎቹ አጭቋቸው ነበር።

ዴዊ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1931 በ80 ዓመቱ በፍሎሪዳ ዐረፈ። አሜሪካ ዛሬም በማይል ትነዳለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ማርስ የተላከች መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን በማስላቱ ነበር። በእንግሊዝኛውም «ዞው» ስድስት ፊደሉን እንደያዘ ነው፤ አሜሪካውያን «ካታሎግ»ን አሳጥረው መጻፋቸው ግን እርሱና ጓደኞቹ የለፉበት ነው።

አንዲት ትንሽ ድልም አለችው። አሜሪካውያን ሦስት በአምስት ኢንች እያሉ የሚጠሯት የቤተ መጻሕፍት ካርድ በትክክል ስትለካ 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር ናት። ለሜትር ሥርዓት እጄን አልሰጥም ያለች አገር፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዕውቀቷን የመዘገበችው ዴዊ በቆረጠላት የሜትር ወረቀት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከከፍተኛ ሽልማቶቹ በአንዱ ላይ የነበረውን የዴዊን ስም አነሣ። ቁጥሮቹ ግን ከመጻሕፍቱ ጀርባ አልተነሡም።