የቅርጫት ኳስ አባት፦ ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ



ቅርጫት ኳስን ማን እንደ ፈጠረው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኚህ ሰው ትምህርታቸውን አቋርጠው እንደገና የጀመሩ መምህር ነበሩና ታሪካቸውን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ኔይስሚዝ በ1861 በካናዳ፣ አልሞንት በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ከስኮትላንድ የፈለሰ ነበር። በ1870 እናታቸውም አባታቸውም በአንጀት ተስቦ ስለ ሞቱባቸው በዘመድ እጅ፣ በኋላም በአጎታቸው ቤት አደጉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለጥቂት ዓመታት በጫካ እንጨት ቆራጭ ሆኑ። ዕድሜያቸው ሃያ ግድም ሲደርስ ግን ወደ ክፍል ተመለሱ፤ በ1883ም ጨረሱ። ከዚያ በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተመረቁ፤ ነገረ መለኮትም ተማሩ።

በ1891 በአሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ክረምቱ ከባድ ስለሆነ ተማሪዎቹ ውጭ መጫወት አልቻሉም፤ አዳራሽ ውስጥ የሚሠሩት ጂምናስቲክም ሰልችቷቸው ያስቸግሩ ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለኔይስሚዝ የ14 ቀን ጊዜ ሰጥተው አዲስ ጨዋታ እንዲፈልጉ አዘዟቸው። እሳቸውም 13 ሕጎች ጻፉ። ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አስቸነከሩ፤ የእግር ኳስም አመጡ። ተማሪዎቹ 18 ስለነበሩ ዘጠኝ ለዘጠኝ ተጫወቱ። ቅርጫቱ ከታች ድፍን ነበርና ኳስ በገባ ቁጥር ሰው በመሰላል ወጥቶ ማውጣት ነበረበት። በመጀመሪያው ግጥሚያ የገባችው አንዲት ኳስ ብቻ ናት።

ኔይስሚዝ መማር አላቆሙም፤ በ1898 በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ዓመት ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆኑ። እስከ 1907 ድረስ ቡድናቸው 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። ልብ በሉ! በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት ዋና አሠልጣኝ የጨዋታው ፈጣሪ ብቻ ናቸው። ለእሳቸው ጨዋታው ሰውነትንና ጠባይን ማነጫ እንጂ ዋንጫ መሰብሰቢያ አልነበረም።

በ1936 ቅርጫት ኳስ በበርሊን ኦሊምፒክ ሲገባ በቦታው ተገኝተው ለማየት በቁ። በ1939 አረፉ።

ሥራቸውን ግን በተማሪዎቻቸው መዝኑት። ፎግ አለን በካንሳስ ተተክተው ዝነኛ አሠልጣኝ ሆኑ። ጆን ማክሌንደን የሚባል ጥቁር ተማሪ ደግሞ በ1933 ካንሳስ ሲገባ በቆዳው ቀለም ምክንያት በዩኒቨርሲቲው ቡድን እንዳይጫወት ተከለከለ። ሜዳው ቢዘጋበትም ኔይስሚዝ አቅርበው የአሠልጣኝነትን ሙያ አስተማሩት። እሱም በ1957፣ በ1958 እና በ1959 የቴነሲ ጥቁሮች ኮሌጅን ቡድን ይዞ በተከታታይ የአሜሪካ አነስተኛ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በ1966ም ነጮች በሚበዙበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ለመሆን በቃ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ትምህርታችሁ በመንገድ ላይ ተቋርጦ ዕድሜያችሁ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ቢበልጥ አትፈሩ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ዘግይቶ ቢጀምር ቀረ አትበሉት።